ሙፍሊሕን ስለ መመለስ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቴም ተንሳፋፊ ኳስ

ይድረስ ለክቡር የበለስ ዳገት ሰፈር የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አማን ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለሚሽከረከረው ወንበርዎም ይሁን። ጉልበትዎ እንደ እኔ ጉልበት ደረጃ ሲያይ የሚያለቅስ አይሁን፤ ጆሮዎንም ከእኔ ጆሮ የተሻለ ያድርገው፤ ይህን የመጨረሻውን ምርቃት ከልቤ ነው የምመርቅዎ።

እኔ ሐጂ ረሻድ ነኝ፣ አቡ ሹክሪ የምባለው፤ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርና የዘጠኝ ልጆች አያት። ከረመዳን በፊት «የውሃችን ሌባ» የሚል ርእስ የሰጠሁትን ደብዳቤ ለእርስዎ የላክሁ፣ ቅጂውንም በዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ የለጠፍሁ ሰው ነኝ። በዚያ ደብዳቤ፣ የሰፈራችን ውሃ ከፋች ሙፍሊሕ፣ በሳምንት አንዴ እሑድ የውሃ ተራችን ሲደርስ የመንገዳችንን የቧንቧ መዝጊያ ያለ ጊዜው እየዘጋ ውሃውን አማቾቹ ወደሚኖሩበት መንገድ ይልካል ብዬ ነበር። ማስረጃዬም አንድ ብቻ ነበር፤ ሳምንት ሊያደርሰን የሚገባው የጣሪያ ታንከራችን ረቡዕ ላይ ባዶ ይሆናል።

ይህንንም ደብዳቤ እዚያው መስኮት ላይ እለጥፈዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪው «ሐጂ፣ መስኮቴን ጋዜጣ አደረጉት እኮ፤ ዳቦዬን ማን ይየው!» ብሎ አጉረምርሞብኛል፤ ነገር ግን ውሸቱን እዚያ ያነበበ ሰው እውነቱን ፍለጋ ሌላ ሰፈር መሄድ የለበትም።

እውነቱም ይህ ነው፦ ውሃውን የሰረቀው የለም። በገዛ መጸዳጃ ቤቴ ሲፈስ ከረመ፤ ያፈሰስሁትም እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች፣ አቤቱታዬ የትኛው ኑዛዜዬም የትኛው እንደ ሆነ እኔም በቅጡ ስላልለየሁ፣ እርስዎ በትዕግሥትዎ እንዲለዩልኝ እለምናለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ፍጥነትዎ ላመሰግን። ከመስጊዱ በታች ያለው ዋናው ቧንቧ ፈንድቶ የሰፈሩ ድመቶች ዋና ሲማሩበት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌ አንድም መልስ አላገኘሁም። አንድ ሰው ስከስስ ግን በሦስተኛው ቀን ያ ሰው ወደ ምሥራቁ በረሃ፣ የጉድጓድ ሞተር እንዲጠብቅ ተዛወረ። ለመሆኑ ታንከሬን ለማየት አንድ ሰው ደረጃ ወጥቷል? ቆጣሪዬንስ ያነበበ አለ? ቆጣሪው ከበሩ አጠገብ በዐይን ቁመት ላይ ነው፤ ማጎንበስ እንኳ አያስፈልግም። ብታነቡት ኖሮ ውሃው በየእሑዱ እስከ መጨረሻው ጠብታ ወደ ቤቴ ይገባ እንደ ነበር ይነግራችሁ ነበር። እኔ ሽማግሌው ዋሸሁ፤ እናንተ ወጣቶቹ አመናችሁኝ። ይህን ያህል መከበሬን አላውቅም ነበር።

፪. ስለ መጸዳጃ ቤቴ። በመጸዳጃው የውሃ ሳጥን ውስጥ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት (የሚያውቁት መስሎኝ ነው)፣ በቀጭን የብረት ክንድ ጫፍ ላይ አንዲት ኳስ ትንሳፈፋለች፤ ሳጥኑ ሲሞላ ከውሃው ጋር ከፍ ትላለች፣ ከፍ ስትልም ውሃውን ትዘጋለች። በብርዱ ወራት የመጸዳጃው ውሃ ኃይል አነሰብኝና፣ የቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራት ይልቅ ፒንሳዬን ይዤ ገባሁ። ውሃው ከፍ ብሎ እንዲሞላ ክንዱን ወደ ላይ አጎበጥሁት። በእርግጥም ከፍ አለ። ከመጠን በላይ ከፍ ከማለቱ የተነሣ በሳጥኑ መካከል ወደ ቆመው የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ እየገባ፣ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ኳሷ ምስኪን ልትዘጋው ትጥራለች፤ እኔ ግን የምትደርስበትን ቦታ ከቱቦው አፍ በላይ አድርጌባታለሁ።

የጆሮ መሣሪያዬን የማደርገው ዓርብ ለስብከት ብቻ ስለ ሆነ ድምፁን አልሰማሁም። ባለቤቴ ኡም ሹክሪ ግን ሰምታለች። «ይሄ የሚንሿሿው ውሃ ከየት ነው?» አለችኝ። «የላይኛዋ ጎረቤታችን ልብስ እያጠበች ነው» አልኋት። «ስድስት ሳምንት ሙሉ?» አለችኝ። «ንጹሕ ሴት ናት፤ አንቺም ተማሪባት» አልኋት።

፫. ይህን ነጥብ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ወረቀት ቀይሬያለሁ። ሙፍሊሕ ከመሄዱ በፊት ወደ ቤቴ መጥቶ ነበር። የመንገዱን ቧንቧ የሚከፍትበትን ረጅም ብረት ከበሩ አስደግፎ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ። «ሐጂ፣ አንዴ ጣሪያ ላይ ልውጣና ታንከርዎን ልይልዎ፤ ሌላ ምንም አልልም» አለኝ።

«ቀበሮ ዶሮዎቹን ልቁጠርላችሁ ሲል ማን ይፈቅድለታል?» አልሁት።

እርሱም አንገቱን ወደ ኮሪደሩ ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠና፣ እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሐጂ፣ ቤትዎ ውስጥ ውሃ እየሄደ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሰማኛል» አለ።

«የሚሰማህ ሕሊናህ ነው» አልሁት።

የልጅ ልጆቼ በሳቅ ፈነዱ። ሙፍሊሕ ጫማውን አጥልቆ ብረቱን ይዞ ወጣ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየው ደጄ ላይ ቆሞ መድኃኒቱን ነገረኝ፤ እኔ ግን ቀልዴ ስላማረልኝ ብቻ እንደ አሸናፊ ሻይ ጠጣሁ።

፬. ሙፍሊሕ ሄደ፣ የላካችሁት አዲስ ሰው መጣ፤ ታንከሩ ግን ረቡዕ ላይ እንደ ወትሮው ባዶ ሆነ። «ይኼኛውም አማቾች አሉት ማለት ነው» አልሁ። ኡም ሹክሪ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገባች፤ እርስዎና ሠራተኞችዎ በስድስት ሳምንት ያልሠራችሁትንም በሩብ ሰዓት ሠራች። የሳጥኑን ክዳን አነሣች። ከሳጥኑ በታች ያለውን ቧንቧ ዘግታ ውሃው የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገችበትና ጠበቀች፤ ውሃው ከቱቦው አፍ በታች ቢወርድ ጥፋቱ የታችኛው ጎማ ነው፣ እዚያው ቱቦው አፍ ላይ ቢቆም ግን ጥፋቱ የኳሷ ነው ብላ። ልክ ቱቦው አፍ ላይ ቆመ። ከዚያ ቧንቧውን መልሳ ከፍታ ክንዱን በአንድ ጣቷ ወደ ታች ብትጫነው ውሃው ጸጥ አለ።

«አቡ ሹክሪ! መሣሪያህን ጆሮህ ላይ አድርግና ና፤ ሌባህ ተይዟል» አለችኝ።

ገባሁ። ጣቷን ስታነሣ ሰማሁት፤ ስትጫነው ዝም አለ። ደግማ አነሣችው፣ ደግማ ተጫነችው። ሦስተኛውን አላስጨረስኋትም። ፒንሳዬን አስመጥታኝ ክንዱን ወደ ታች መለሰችው፣ ውሃውም ከቱቦው አፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቆመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ የውሃችን ተራ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጉልበቴን እየረገምሁ ስድሳ አራት ደረጃ ወጥቼ የታንከሩን አፍ ከፈትሁ። ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረው። እዚያው ጣሪያ ላይ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ብዙ ተቀመጥሁ፤ ለኡም ሹክሪ ጉልበቴ ስለ ደከመ ነው ብያታለሁ።

፭. ሙፍሊሕ ከበረሃ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ቤቱ ሄድሁ፤ ቡና ሲቀርብልኝም እንደ ደንባችን፣ የመጣሁበት ሳይፈጸምልኝ አልጠጣም ብዬ ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጥሁት። በዚያ ቤት ያየሁትን ልንገርዎ። ልጁን ሪማን ለጋብቻ ሊጠይቁ ቀን የቆረጡ ሰዎች ነበሩ፤ የዳቦ ቤቱን መስኮት ካነበቡ በኋላ «ነገሩ እስኪጣራ ትንሽ ይቆይ» ብለው ቀርተዋል። ልጅቱ በሩን ከፍታልኝ እጄን ሳመችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሙፍሊሕም ስኒውን አንሥቶ እጄ ላይ አኖረውና፣ «ይጠጡ ሐጂ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ግን ቡና አይጠጣም» አለኝ።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ እንደ ተከፈተ ከፀሐፊዎ ዘንድ ቀርቤ ክሴን ለማንሣት ጠየቅሁ። ጨዋ ልጅ ነው። «ሐጂ፣ አቤቱታዎ መፍትሔ አግኝቶ ተዘግቷል፤ የተዘጋ ፋይል አይከፈትም» አለኝ። «ሐሰት ነበር እኮ የምልህ!» ስለው፣ «ቢሆንም መፍትሔ አግኝቷል» አለኝ። ልወጣ ስል አዝኖልኝ፣ «አዲስ ክስ ካለዎት ግን ዛሬውኑ እንቀበላለን» አለ።

እነሆ ክሱ። ተከሳሹ ረሻድ አቡ ሹክሪ ነው፤ የሰፈሩን ውሃ በስንፍናው አፍስሷል፣ በንጹሕ ሰው ላይ በአደባባይ በሐሰት መስክሯል፣ አስተካክሎ ሊሰማ ሲችልም አልሰማም ብሏል። ምስክሯ ባለቤቴ ናት፤ በእኔ ላይ ለመመስከር አምሳ ዓመት ስትዘጋጅ ስለ ኖረች በምስክርነቷ እንደማይጠራጠሩ ተስፋ አለኝ። የምለምነው ቅጣት፣ ሙፍሊሕ ወደ መንገዱ ተመልሶ፣ «ተጣርቷል፣ ሰውየው ንጹሕ ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት በዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ እንዲለጠፍ፣ የእኔም ስም ከሥሩ እንዲጻፍ ነው። የሪማ ጠያቂዎች ማንበብ ይችላሉ፤ ቤታቸው ድረስ ሄጄ የማልሁትን መሐላ ግን አልተቀበሉኝም፣ ልክም ናቸው።

ያለ ምርመራ ስላመኑኝ እያመሰገንሁ፣ ዛሬም እንደዚያው ያለ ምርመራ እንዲያምኑኝ ከእግርዎ ሥር ሆኜ የምለምን፣ ለዘጠኝ ልጆች ቀልድን ያስተማርሁ፣ ይቅርታን ግን ገና የምማር፣

ሐጂ ረሻድ፣ አቡ ሹክሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፀሐፊዎ ደጃፍ ወረፋ ስጠብቅ የጆሮ መሣሪያዬን አድርጌ ነበር። «ውኃ ይቆጥቡ» የሚለው ማስታወቂያ ከተለጠፈበት በር ጀርባ ያለው የሠራተኞቻችሁ መጸዳጃ ቤት ያለ ማቋረጥ እየፈሰሰ ነው። ዘበኛውን ምክንያቱን ጠየቅሁት፤ «የታችኛው ፎቅ ሰዎች ናቸው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ የታችኛውን ፎቅ ሰዎች ወደ በረሃ ከመላክዎ በፊት ክዳኑን ያንሡት።