ወንበሩን አላወጣም

ጋምቤላ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ሰብስቤ፣
ደላንታ

አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ብርድ እንደማይስማማዎት እያወቁ ይሄን የመሰለ ሙቀት ጥለው ሄዱ፤ አሁን ጋቢ በጋቢ ደርበው ፀሐይ ሲሞቁ እንዳገኘዎት የወንድምዎ ልጅ መልአኩ ነገረኝ። እኛ ጋ ዝናቡ ጀምሯል፤ ባሮም መሙላት ይዟል። ወባው እንደ ልማዱ ዝናቡን ተከትሎ መጥቶ፣ በሆስፒታላችን የልጆች ክፍል ባንድ አልጋ ሁለት ሁለት ልጅ እያስተኛን ነው። እኔ ጤና ነኝ። ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ የልቤን የምነግርዎት በወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት። ለማንም አይስጡ።

መልእክትዎ ደርሶኛል። መልአኩ አይሱዙውን በቅጡ እንኳን ሳያቆም ነው የነገረኝ። ይሄ ልጅ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርለትም፤ ከእኔ የሰማውን ለእርስዎ አድርሶ፣ ከእርስዎ የሰማውን ለእኔ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ለአለቃዋ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ሐኪም የሚያደርገውን ያውቃል፣ ብለዋል» አለኝ።

አልጠይቅም፣ አባባ። ለእርስዎ እምቢ ስል ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። መልአኩ የነገረዎት ግማሹን ስለሆነ ሙሉውን ይስሙኝና ከዚያ በኋላ ይቆጡኝ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት የሕፃናት ነርስነት እንደሆነ ያውቃሉ። የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራው እዚሁ፣ በምሠራበት ክፍል ነው። ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ልጅ ታሞ ሲመጣ መድኃኒቱ የሚገባበትን መርፌ እጁ ላይ ለመትከል እናትና አባቱን እናስወጣለን። በሠራሁበት ሁሉ ልማዱ ይሄ ነው። ልጁን በጀርባው እናጋድመዋለን፤ አንዱ እግሩን ይይዛል፣ አንዱ ትከሻውን ይጫናል፣ አንዱ ይወጋል። ልጁ እኛን አያይም። በሩን ነው የሚያይ። እኔ ደግሞ፣ ወላጁ ተቀምጦ ልጁን ደረቱ ላይ ቢያቅፈው፣ እኔም ከኋላ ሆኜ እጁን ብይዝ ልጁ ለቅሶውን ይቀንሳል ወይ፣ ደጋግመን መውጋታችንስ ይቀራል ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁት። ከዩኒቨርሲቲውም ከክፍሉም ተፈቅዶልኝ ጀመርኩ።

ለዚህ ሥራ ወንበር ያስፈልጋል። የክፍላችን ወንበሮች ፕላስቲክ ናቸው፤ ልጅ የታቀፈ ሰው ሲቀመጥባቸው እግራቸው ይከፈታል። ስለዚህ ከቤቴ የእርስዎን ወንበር አምጥቼ አስገባሁ። ያን አቦቦ ሠፈራ ጣቢያ እያለን ከዋንዛ የሠሩትን፣ ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለውን፣ እናቴ «ይሄ ወንበር ነው አልጋ?» ብላ የሳቀችበትን። ክንድ ማሳረፊያ ስለሌለው ለእኔ ሥራ የተለካ ይመስላል። ደላንታ ሲመለሱ ትተውልኝ የሄዱት ዕቃ የስንቱን ልጅ እናት እንዳስቀመጠ ቢያዩ ደስ ይልዎት ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ጥፋት ከተባለ። አንድ ቀን እንግዳ መጣ፣ ወንበር አነሰ ተብሎ ወንበሬን ለስብሰባ ወሰዱት። እኔ ተረኛ አልነበርኩም። ያለችው ነርስ አንዲትን እናት ቆማ ልጇን እንድታቅፍ አደረገቻት፤ እናትዮዋ ደም ስታይ ራሷን ስታ ወደቀች። ልጁ ምንም አልሆነም፤ የእሷ ቅንድብ ግን ተሰንጥቆ ተሰፋ። በማግስቱ የክፍላችን ኃላፊ ሲስተር ቤርሳቤ ጥናቱ ይቁም፣ ወላጆችም እንደ ድሮው ይውጡ፣ ወንበሩም ይውጣ አለች።

ቤርሳቤን ክፉ ናት ብዬ አላማትም። ደም ሥር ፍለጋ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የመጀመሪያ ቀን እጄ ሲርድ እጇን እጄ ላይ አድርጋ ነው የወጋነው። «ወላጅ ሲያየን እጃችን ይንቀጠቀጣል፣ የሚጎዳው ልጁ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፣ የእኔም ይንቀጠቀጣል። ግን የእኔ እጅ በተንቀጠቀጠ የሰው አባት ለምን ይውጣ? እኔ ልለማመድ እንጂ። ይሄንኑ ነገርኳት፤ አልሰማችኝም። የወደቀችውም ወንበር ስላጣች ነው አልኳት፤ ይሄንንም አልሰማችኝም። እኔም ወንበሩን ጥግ አስጠግቼ ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ኦቻን እስኪመጣ ድረስ ነበር። ኦቻን ባሮ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ የዚሁ የከተማው ሰው ነው። ሚስቱ አራስ ስለሆነች የአራት ዓመት ሴት ልጁን አቻንን ተሸክሞ የመጣው እሱ ነው። ወባው ጠንቶባት ጠዋት አንቀጥቅጧታል፤ እኛ ጋ ስትደርስ ነቅታለች፣ ግን እሳት ሆናለች። መድኃኒቱ ቶሎ መግባት ነበረበት። እንደ ደንቡ አስወጡት፤ አንዱ ባልደረባዬ ሁለቴ ወጋ፣ ሁለቴም ሳተ። ልጅቷ እየተንፈራገጠች አባቷን ትጣራለች። ኦቻን ልጅቷ እንዳትሰማው አፉን በእጁ ይዞ በሩ ስር እንደቆመ፣ እኔ ሦስተኛውን ልሞክር ስገባ አየሁት።

«ሲስተር» አለኝ፣ «እኔ ሂድ ብትሉኝ ሄዳለሁ። ግን እሷ እኔን ትጠራለች። እኔ እሰማለሁ፣ እሷ እኔን አታይም። ይሄ ጥሩ አይደለም።»

ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነበር፤ ይህን ብሎ ሊሄድ እግሩን ጫማው ውስጥ አስገባ። እንደ እርስዎ ታዛዥ ሰው ነው። እኔ ግን «የትም አይሄዱም» አልኩት፤ ወንበርዎን ከጥግ ጎትቼ አልጋው አጠገብ አደረግሁና «እዚህ ይቀመጡ» አልኩት። ልጅቷን ደረቱ ላይ አስጠጋኋት። አንገቱ ስር ገብታ ተወሸቀች። እሱ በአኙዋክኛ አንድ ነገር ያንጎራጉራል፤ እኔ እጇን ከጀርባው በኩል ያዝኩ። አንዴ ጮኸች። መርፌው ገባ። ሁልጊዜ እንዲህ ይቀናል አልልዎትም፣ ወንበሩ ላይ ሆኖም የሳትኩበት ልጅ አለ፤ እሱንም ጥናቴ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ገባ።

ልጆች ሕመማቸውን የሚያሳዩበት የፊት ስዕሎች አሉኝ፤ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው በተራ የተደረደሩ። በማግስቱ ትኩሳቷ ሲበርድ አቻንን አሳየኋት። መሐል ላይ ያለውን ጠቆመች። የሚያለቅሰውንስ ብላት፣ «እሱ ጫማውን ባሮ ወሰደበት» አለችኝ። ኦቻን ሳቀ፤ እኔም በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ቤርሳቤ መርፌውን ስተክል በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። ፕላስተሩን እስክለጥፍ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ «ቢሮ» አለችኝ። ትእዛዝ ጥሰሻል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ሐሙስ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ጥናቱን ትቻለሁ ብዬ ከፈረምኩ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካልፈረምኩ ከልጆች ክፍል ወጥቼ ካርድ ክፍል እገባለሁ፤ ልጆቹ ከሌሉ ጥናቱም የለም፣ ጥናቱ ከሌለ ምረቃው የለም።

ወንበሩን ግን ምን እንደሆነ ይስሙ። ከቢሮ ስመለስ የፅዳት ሠራተኛው ታዝዞ በረንዳ ላይ አውጥቶታል። ከኩሌ የስደተኞች መጠለያ ልጇን ይዛ የመጣች ኛዌች የምትባል እናት አለች፤ አማርኛ አታውቅም። አጠገቧ የተኛው ልጅ እናት ሰአዳ ናት፤ እንደኛው የሠፋሪ ልጅ፣ ኑዌርኛ አታውቅም። ሁለቱ ተያዩና ተነሱ፣ ወንበሩን በአራት እግሩ አንሥተው መልሰው አስገቡት። በማግስቱም ወጣ፣ በማግስቱም አስገቡት። አሁን ፅዳት ሠራተኛው ራሱ «የሚያወጣው ሌላ ይፈለግ» ብሏል። ታዲያ እኔ ሐሙስ ምን ብዬ ነው ጎንበስ የምለው?

አባባ፣ ተናግረነው የማናውቀውን ነገር አሁን ላንሣ። ሥራ የጀመርኩ ጊዜ ክፍሌን ላሳይዎት ብዬ አመጣሁዎት። ግቢው ውስጥ ካለችው ኒም ዛፍ አልፈው አንድ እርምጃ አልሄዱልኝም። «እዚህ ይበቃኛል» አሉኝ። ጫማዬ ጭቃ ነው ብለው ያፈሩ መስሎኝ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልትሞት ሰሞን ነው የነገረችኝ። ከወሎ አምጥተው ባሰፈሯችሁ ዓመት፣ ወንድሜን ይመርን ወደ ክሊኒኩ ድንኳን ሲያስገቡት «አባት ውጭ ይቀመጥ» ተባሉ። ተቀመጡ። እሱ ሲጣራ እየሰሙ ተቀመጡ፤ ዝም እስኪል ድረስ።

ለእኔ ሁልጊዜ «ይመር ተኝቶ ነው የሄደ» ነው የሚሉኝ። ይበሉኝ፣ አልከራከርም። እርስዎን አልወቅስዎትም፤ ያስቀመጡዎትንም አልወቅስም፣ እኔም ያንኑ ተምሬ ስንቱን አባት አስወጥቻለሁ። ጥናቴ ይመር ይድን ነበር አይልም። መድኃኒት ያላዳነውን ወንበር አያድነውም። ግን ሲጣራ አቤት የሚለው ሰው ነበረው። ሰውየው እዚያው ነበር፤ አንድ ሸራ ብቻ ነው የለያያችሁ። በዚህ እናደዳለሁ፤ ሐሙስም የሚያቆመኝ ይሄ ንዴት ነው።

መልአኩ ነገ ማለዳ ይነሣል፤ ይሄ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ሐሙስ አልፏል፣ እኔም አልፈርምም ብዬ ተናግሬያለሁ። ሆን ብዬ ነው። ቀድሞ ቢደርስዎት ኖሮ ሌላ መልእክት ይልኩብኝ ነበር።

እግዜር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ብርዱን ያቅልልዎት። ምርቃትዎን ይላኩልኝ፤ «ጎንበስ በይ» የምትለዋን ብቻ እዚያው ደላንታ ያስቀሯት። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ መልአኩ ያመጣዎታል። እኔ ነርስም ሆንኩ ካርድ አውጪ፣ ኒሟ ድረስ መጥቼ እጅዎን ይዤ አስገባዎታለሁ። ወንበርዎ ከአልጋው አጠገብ ነው። ገብተው ይቀመጡበት፤ ውጡ የሚልዎት ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገራል።

እምቢ ያለችዎ ልጅዎ፣
ወለላ ሰብስቤ