የቨርሊን ሽርጥ

ለክቡር አገረ ገዢ ዴል ሃቺንስ፣
ለምርጫ ቅስቀሳ ባሉበት፤

በአንድ ጠዋት ሦስት ከተማ ቁርስ የሚበላው ሆድዎ እንደምን ሰንብቷል? ጤናዎ ይብዛልን፤ ምርጫው እስኪያልፍም ጉሮሮዎን ብርድ አያግኘው። እኔ ሎርና ብሬኪ፣ በኤልክ ሪጅ የእሳት አደጋ አዳራሽ ዓርብ ዓርብ ለከተማው ሰው ዓሣ ከሚጠብሱት ሴቶች አንዷ ነኝ። በጥቂት ድምፅ ሰው በሚወድቅበትና በሚነሣበት ግዛት ባልኖር ኖሮ እርስዎን የመሰለ እንግዳ ደጃችንን ባልረገጠ ነበርና፣ ምስጋናዬን አስቀድሜ ቅሬታዬን አቀርባለሁ።

፩ኛ. በአዳራሻችን ሽርጥ ያጠለቀ ሰው የመጨረሻው ተሰላፊ ሳይበላ አያወልቅም። ይህንን ሊጠብሱ በመጡ ዕለት አስቀድሜ ነግሬዎት ነበር። ካሜራዎቹ ሲሄዱ ግን እርስዎም ሄዱ። የጠበሱት አንድ ዓሣ ነው፤ እሱም ጥሬ ነበር፤ የደረሳቸው ሰው በይሉኝታ ዋጡት።

፪ኛ. ያጠለቁት ሽርጥ የቀድሞው የእሳት አደጋ አለቃችን የቨርሊን ቶሌፍሰን ነበር። ቨርሊን ልቡን ያመመው ቀን ድልድያችን ተዘግቶ ስለነበር፣ አምቡላንሱ በዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ መንገድ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ሽርጡ አዳራሹ ውስጥ ከተሰቀለበት ምስማር ወርዶ አያውቅም ነበር። ድልድዩን የሚያሠራልን ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ ይልበሰው ብዬ ባለቤቱን አርሊስን የለመንኳት እኔ ነኝ። እሷም በገዛ እጇ አጥልቃ ከጀርባዎ አሰረችልዎ። እርስዎም «ድልድዩን እንደተሠራ ይቁጠሩት» አሏት።

፫ኛ. እንደለበሱት መኪናዎ ውስጥ ገቡ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ሽርጥ ግን አድምቆዎታል፤ በቴሌቪዥን ማስታወቂያዎ ያንኑ ለብሰው በሌላ ከተማ ፓንኬክ ሲገለብጡ አየንዎ። አርሊስ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «ሎርና፣ ትንሽ ጠበበው አይደል?» አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል፤ በደጇ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው። ግቢዬ ሣር ላይ የተከልኩትን የእርስዎን የምረጡኝ ሰሌዳም ነቅዬ ጋራዥ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ እኔ ለሁለታችንም አፍሬያለሁ።

፬ኛ. ድልድዩ እንደተዘጋ ነው።

ሽርጡን ብቻ ይመልሱልን፤ ቢቆሽሽም እኛው እናጥበዋለን።

በእርስዎ ምክንያት ጎረቤቷን ቀና ብላ ማየት የተሳናት፣
አክባሪዎ ሎርና ብሬኪ

ማስታወሻ፦ ይህንን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ለጋዜጣም ልልክ ስል ከቅስቀሳ ቢሮዎ ጥቅል ደረሰን፤ ስምዎ በትልቁ የተጠለፈበት አዲስ ሽርጥ ነው። እግዜር ይስጥልን። የቨርሊን ምስማር ላይ እንዳንሰቅለው አዳራሻችን የማክሰኞው ምርጫ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ነው፤ የተወዳዳሪ ስም ያለበትን ነገር እዚያ መስቀል ሕግ ይከለክላል። ባዶ ምስማር ግን አይከለክልም። የኤልክ ሪጅ ሕዝብ ድምፁን ለመስጠት የሚሰለፈው በዚያው በኩል ነው፤ እዚያ ላይ ምን ተሰቅሎ እንደነበረም ሁሉም ያውቃል።