ጆሮ ስለተከለከለው የሽሮ ከረጢት

ለክቡር አቶ ወንዳወቅ
የንግድ ገጽታ ማስተካከያ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ፣ የመላ ቤተሰብዎና የማኅተምዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል? እኔ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ ስል ግን መቀመጥ አቅቶኛል ማለቴ ነው። ይህን ደብዳቤ ከጀመርሁ ወዲህ አንድ መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ በመስኮት ወደ ወይዘሮ ደስታነሽ ሱቅ አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ዛሬ የእርስዎ ሰዎች መጥተው በሯን እንደሚያሽጉ ስለተነገረን ዐረፍተ ነገሮቼ እዚህም እዚያም ቢደናቀፉ በልበ ሰፊነትዎ እንዲያልፉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌሎችም ስለሚያነቡት ራሴን ላስተዋውቅ። ሰብሊ ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ። እዚሁ ፍኖተ ሰላም ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ማስታወቂያ አትማለሁ፤ ለነጋዴዎችም ሎጎ እነድፋለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ልከስዎ አይደለም፤ ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬም በተራ ቁጥር የተቀመጠ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ጆሮ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ወይዘሮ ደስታነሽ የቡሬ በርበሬ እያመጣች በርበሬና ሽሮ አስፈጭታ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ባለፈው ዓመት መጥታ፣ «ምልክት ሥሪልኝ፤ ብቻ ለማማር አይሁን፤ ሰው እንዲያገኘኝ ነው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ ከማንም ተቀብዬ አላውቅም። ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት ጅጋ ገበያ አብሬያት ሄድሁና ከጎኗ ተቀምጬ የገዢውን ዐይን ስከተል ዋልሁ። ከገጠር በእግራቸው የሚመጡት እናቶች ጽሑፉን አያዩትም፤ ብዙዎቹም ፊደል አልቆጠሩም። የሚያዩት ቋጠሮውን ነው። ደስታነሽ የከረጢቱን አፍ በሲባጎ ጠምዝዛ ስታስር ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ስለምትስበው ከረጢቱ ጆሮውን ያቆመ ይመስላል። እናቶቹም «ባለጆሮውን ስጭኝ» ብለው ይገዛሉ። ስም ከሰጡት ምልክት በላይ ምን ምልክት አለ?

ስለዚህ አንድ ከረጢትና ሁለት የቆሙ ጆሮዎች ሣልሁ፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁም። አውራ ጣት አሳክዬ አተምሁት፣ አልጠፋም። በጥቁር ቀለም ብቻ አተምሁት፣ ያው ነው። ከመንገዱ ማዶ ለጥፌ አየሁት፣ ይታያል። ለአንድ ባጃጅ ነጂ አንድ ጊዜ አሳይቼ ደበቅሁና ሣልልኝ ስለው መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ቁጭ አደረገው። በእኛ ሙያ ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም፤ ሎጎ ማለት ያየው ሰው ይዞት የሚሄደው ነገር ነውና።

እርስዎ ግን ሥራዬን ለማስጸደቅ በቀረብን ጊዜ መነጽርዎን አውልቀው፣ «ጆሮ የልማት ምልክት አይደለም» አሉ። ቀጥለውም ከረጢቱ ፍየል እንደሚመስል አስተዋሉ። በምትኩ ዴስኩ አሳትሞ ያመጣውን፣ የከተማው ነጋዴ ሁሉ እንዲለጥፈው የታዘዘውን አንድ ወጥ ምልክት ሰጡን፤ አረንጓዴ ክብ፣ በውስጡ ፀሐይ፣ ባለጥርስ ጎማ፣ የስንዴ ዛላ፣ የሚጨባበጡ እጆች፣ ተራራ፣ ርግብ። ርግቧ በጎማው ጥርስ እንዳትያዝ ስሳቀቅ ከርሜያለሁ። የነጋዴው ስም ከግርጌ በጉንዳን ቁመት ተጽፏል። ቋጠሮውም ወጥ አይደለም ተብሎ ቀርቶ የከረጢቱ አፍ በስቴፕል እንዲመታ ተደረገ። «ከተማችን አንድ ቤተሰብ መሆኗን ያሳያል» ነበር ያሉት። ባለጆሮውን ፍለጋ የሚመጡት እናቶች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባቸው።

ሁለተኛ፤ ከድንጋጤ ስላዳኑን አመሰግናለሁ።

አቶ መልካሙን ያውቁታል፤ የእህል ነቀዝ ማጥፊያ ዱቄት በትንንሽ ከረጢት እያደረገ የሚሸጠው ነው። የእሱ ምልክት ቀይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ነበር። እሱን የሣልሁት እኔ አይደለሁም፤ ያን ሥዕል ማን እንደጀመረው ባላውቅም ነፍሱን ይማረው እላለሁ፤ ማንበብ የማይችል ሰው እጁን እንዲሰበስብ አንድ እይታ ብቻ የሚበቃው እሱ ነው። እርስዎ ግን ከተማዋን መቃብር አስመሰልኻት ብለው አስነሡበት። መልካሙ ጋቢውን እያስተካከለ፣ «ክቡርነትዎ፣ እንዲያስደነግጥ እኮ ነው የተሣለው» ቢልዎ፣ «ማስደንገጥ የቀድሞ አሠራር ነው» አሉት። እሱም እንደ ሌላው አረንጓዴውን ክብ ለጠፈ። በዚህ ዓይነት ሽሮና መርዝ በእርስዎ ፊርማ ወንድማማች ሆኑ።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ዞሬያለሁ።

እማሆይ ወለተ ሐናን አያውቋቸውም። ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ እናት ናቸው። ለኪዳነ ምሕረት ዝክር ሊያዘጋጁ ጅጋ ገበያ ወርደው ከደስታነሽ ሽሮ፣ ከመልካሙ ደግሞ ለጎተራው በቆሎ የነቀዝ ዱቄት ገዙ። ሁለቱንም በአንድ ስልቻ ይዘው ገቡ። ቤታቸው ደርሰው ሲያወጡት ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ፀሐይና ርግብ ያለባቸው፣ ሁለቱም በስቴፕል የተመቱ ሆኑ። አንደኛውን ከፍተው በቆሎው ላይ በተኑ። ሌላውን ከፍተው የፈላ ውሃ ላይ ነሰነሱ። ሽታው እንግዳ ቢሆንባቸውም፣ ሽሮው እርጥበት ነክቶት ይሆናል ብለው ጨው ሊለኩ በጭልፋ ቀመሱ።

የማኅበሩ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እማሆይን ምድጃው አጠገብ ወድቀው አገኟቸው። ያስመልሳቸዋል፣ ዐይናቸው ያለቅሳል፣ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸክመው፣ የጭነት መኪና ለምነው ሆስፒታል አደረሷቸው። ዝክሩን ለመብላት የመጣው ሰው አንድም ጉርሻ ሳይቀምስ ተረፈ። እማሆይም በሐኪሞቹ ትጋትና በእመቤታችን ምልጃ ተረፉ። ጎተራ ውስጥ ያለው ነቀዝ ግን ሽሮ ተደግሶለት ከርሟል።

ደስታነሽ ወሬውን ስትሰማ ሱቋን ሳትዘጋ ነው ወደ ሆስፒታል የሮጠችው። እኔ ከኋላዋ ደረስሁ። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ይቅርታ ስትለምን እማሆይ እጇን ይዘው እንዲህ አሏት፦ «አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ። ምልክቱ አንድ ሲሆን ቤቱም አንድ መሰለኝ። አንድ ቤት ደግሞ መብልና መርዝ አይሸጥም ብዬ ነው ሳልጠራጠር የከፈትሁት።» መልካሙ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ሁለቱም እኔ ዘንድ መጡ። ብዙ አልተነጋገርንም። መልካሙ፣ «ቅሉን ትልቅ አድርጊው» አለኝ፤ ትልቅ አደረግሁት። ደስታነሽ የስቴፕል መምቻውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሲባጎ ልትገዛ ወጣች። እኔም ከረጢቱን ከነጆሮው መልሼ አተምሁ። አረንጓዴውን ክብ አንድ በአንድ ስንልጥ ዋልን። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ ለዚህም ዴስኩን ሳላደንቅ አላልፍም።

አራተኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። እማሆይ በተኙበት ሰሞን ከዴስኩ አንድ ሰው ደርሶ እንዴት አደሩ አላላቸውም፤ ሥራ በዝቶ እንደነበር እረዳለሁ። ተለጣፊው በተላጠ ዕለት ግን ሳይመሽ ማስጠንቀቂያው ደረሰን። «ያልጸደቀ ምልክት በመጠቀም» ይላል፤ ሁለቱም ሱቆች ይታሸጋሉ ይላል፤ የእኔም ማተሚያ ጉዳይ ይታያል ይላል። ደስታነሽ ከዚህ ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ እንደሌላት እርስዎም ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁለት ጎልማሶች ማሸጊያ ወረቀትና ሙጫ ይዘው ከመንገዱ ማዶ ታዩኝ፤ ደብዳቤውን ትቼ ወጣሁ። አሁን ተመልሼ ነው የምጽፈው።

ሰዎችዎ ትሑታን ናቸው፤ ይህን ልመስክርላቸው። ደስታነሽ በር ላይ ሲደርሱ እማሆይ ወለተ ሐናን ደፉ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ዛሬ ጠዋት ነው ከማንኩሳ የመጡት፤ ማንም አልጠራቸውም። ደስታነሽ ወደ ውስጥ እንዲገቡ ብትለምናቸውም እምቢ ብለው ነበር።

አንደኛው ጎንበስ ብሎ፣ «እማሆይ፣ በሩን ልናሽግ ነውና ይነሡልን» አላቸው።

«ምን ልትለጥፉበት ነው ልጄ?»

ወረቀቱን ዘርግቶ አሳያቸው። ከላይ አረንጓዴው ክብ፣ ከታች የእርስዎ ፊርማ። እማሆይ ወረቀቱን አቅርበው፣ አርቀው፣ ደጋግመው አዩት።

«ማንበብ አልችልም» አሉት። «ይኸን ግን አውቀዋለሁ። ቀምሼዋለሁ።»

ሁለተኛው ጎልማሳ ሙጫውን ከደነው። ወረቀቱን የያዘው አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተው፤ የእማሆይንም ጉልበት ሳመ። «ኃላፊውን አነጋግረን እንመጣለን» ብለው ወደ እናንተ ግቢ ተመለሱ። ከዚህ ደብዳቤ ቀድመው ሳይደርሱ አይቀርም፤ እርስዎ ምን ብለው እንደሚመልሷቸው አላውቅም። እማሆይ ግን አልተነሡም። ደስታነሽ ነጠላዋን አጣጥፋ ከሥራቸው አንጥፋላቸዋለች፤ መልካሙም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከጎናቸው ተቀምጧል። እኔም ይህን እንደጨረስሁ በርጩማዬን ይዤ እወጣለሁ።

የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ምልክትዎ ክብ፣ እንደ ሙጫዎም የማይላጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከበርጩማዬ ሳልነሣ እጅ እነሣለሁ።

ሰብሊ ኃይለ ሚካኤል
የማስታወቂያ አታሚና የሎጎ ነዳፊ
ፍኖተ ሰላም፣ ከታሰበው ማሸጊያ ትይዩ

ተጨማሪ ምስጋና፦ ባለፈው ሳምንት ከደምበጫ በኩል የመጡ ሁለት ገበሬዎች በቢሮዎ በር ላይ ያለውን አረንጓዴ ክብ አይተው የነቀዝ ዱቄት ሊገዙ ገብተው ነበር አሉ። ዘበኛው፣ «ነቀዝ ማጥፊያ እዚህ የለም» ብሎ መልሷቸዋል። እውነቱን ነው፤ ማጥፊያው የለም።