ባሌ የየትኛው ግዛት ነዋሪ ነው?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

ባሌ ሮይስ ዛሬም ኮምፒውተሩን ይዞ ወጣ። እስከ ዓርብ አይመለስም። ዝናብ የቀላቀለ በረዶ ይጥላል። የምሠራበት ዓሣ መሸጫ ጭር ብሏል፤ በክረምት ማን ይመጣል... ቆሞ ለማሰብ ጊዜ በዛ።

ቦስተን ያለው መሥሪያ ቤቱ «ከፈለግክበት ሆነህ ሥራ» ካለው ወዲህ እዚሁ ሜይን፣ ኪተሪ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚሠራው። ባለፈው ጁን ድንገት፣ «ሜይን ከደሞዜ ግብር ይቆርጣል፣ ኒው ሃምፕሸር አይቆርጥም። ወንዙን ብሻገር ሙሉውን አገኛለሁ» አለ። ወንዙን ተሻግሮ ፖርትስማውዝ ሄዶ ከዱዌይን የጀልባ ጋራዥ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራየ። ኪራዩስ? ኪራዩ ከግብር የሚተርፈውን አይበላውም ወይ?

«ዱዌይን በጓደኛ ዋጋ ነው የሚያከራየኝ።»

እንግዲህ...

እሑድ፣ ጃንዋሪ 14

እህቴ ግሌንዳ ደወለች። ነገረ ሥራዋ ያው ነው።

«ለመሆኑ ያቺ ግብር የምትባለዋ ሴትዮ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ወሬኛ» አልኳት። ሳቅኩም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የቆሸሹ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አሸተትኩ። ላብ። ሳሙና። ሌላ ነገር የለም። እንዴት ምንም አይኖርም? ተጠንቅቆ ይሆን?

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 26

ውሻውን ሊወስድ ነው። ውሻውን!

«የግብር ሰዎች ቤትህ የቱ ነው ብለው ሲያጣሩ፣ ውሻህ የት ነው የሚያድረው ብለው ሁሉ ይጠይቃሉ» አለኝ። መንጃ ፈቃዱን ለውጧል። ሐኪሙን ለውጧል። ዛሬ ደግሞ የአባቱን ፎቶ ከሳሎን ግድግዳ አወረደ። ለሁሉም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ግን ሁሌ አንድ ነው፣ ግብር።

«የምትወደው ዕቃ ያለበት ነው ቤትህ የሚባለው» አለ፣ ፎቶውን በፎጣ እየጠቀለለ።

«እኔስ? ከየትኛው ዕቃ ነኝ?»

«አንቺማ ሥራሽ እዚህ ነው፣ ኖሪን።»

ይኼ መልስ ነው?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ሄድኩ። ሳልነግረው፣ በምሳ ሰዓት።

ዱዌይን ጋራዡ ውስጥ ጀልባ ይፍቃል። «ኖሪን፣ ምነው በደህና?»

«ካልሲ ረስቶ ነው።» ባዶ እጄን ነበርኩ። እጄን አየና ወደ ጀልባው ዞረ።

ከላይ በሩ መስታወት አለው። አጮልቄ አየሁ። ብቻውን ነው። ባቄላ ከነቆርቆሮው በማንኪያ ይበላል። ውሻው እግሩ ላይ ተኝቷል። አንድ ኩባያ፣ አንድ ወንበር። ሴት የለችም። የሴት ዕቃም የለም። ሲጨርስ ማንኪያውን ላሰና ማፏጨት ጀመረ። ሮይስ! እኛ ቤት ካፏጨ ስንት ዓመት ሆነው?

ሳያየኝ ወረድኩ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሴት ብትኖር ፀጉሯን እነጭ ነበር። ከባቄላ ጋር ምን ብዬ ልጣላ?

ማክሰኞ፣ ማርች 5

ዛሬ ወይዘሮ ፔልቲዬ ዘንድ ሄድን። የግብር ሒሳባችንን ከተጋባን ጀምሮ የሚሠሩልን እሳቸው ናቸው። ሮይስ ከጁን ወዲህ ያለውን እንደ ኒው ሃምፕሸር ነዋሪ አድርገው እንዲሠሩለት ጠየቃቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥያቄው ኮምፒውተሩን የት ከፈቱት ብቻ አይደለም፣ ሮይስ። ቢታመሙ፣ ጡረታ ቢወጡ... ተመልሼ እኖርበታለሁ የሚሉት ቤት የቱ ነው? ሚስትዎ ኪተሪ ናቸው። የሁለታችሁ ቤት ኪተሪ ነው። ለግብር ብለው ብቻ የተሻገሩ ከሆነ ሜይን አይለቅዎትም። የምርዎን ከሄዱ ግን ሌላ ነገር ነው።»

«ኪተሪ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ግብሩን ይከፍላል፣ ክፍሏን ይለቃል፣ ያበቃል። እሱ ከጃኬቱ ላይ የውሻ ፀጉር ይለቅማል።

«ፖርትስማውዝ» አለ።

«ለግብሩ ነው?» አሉት፣ ቀስ ብለው።

«አይደለም።»

ወይዘሮ ፔልቲዬ ውሃ ላምጣ ብለው ወጡ። ማንም ውሃ አልጠየቀም።

ረቡዕ፣ ማርች 6

ትናንት መኪና ውስጥ...

«መቼ ነው የወሰንከው?»

«ሲጠይቁኝ ነው ያወቅኩት።»

«ውሸታም።»

«ይሆናል።» ድልድዩን ስናልፍ ደግሞ፣ «መጀመሪያ የእውነት ለግብሩ ነበር፣ ኖሪን።»

አመንኩት። የሚያናድደኝም ይኼው ነው። ስንት ወር ሙሉ ስጠረጥር ከርሜ የጠረጠርኩት ሌላ፣ የሆነው ሌላ።

እሑድ፣ ማርች 17

ግሌንዳ፦ «እና ሴት የለችም?» «የለችም።» «ታዲያ ምን ጎድሎት ነው?»



ዓርብ፣ ኤፕሪል 12

የግብሩን ወረቀት ዘንድሮ በየፊናችን ፈረምን። እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሥራ በኋላ። ወይዘሮ ፔልቲዬ ሆን ብለው ነው ሰዓቱን የለያዩት። ደግ ሴት ናቸው።

ማታ ሾርባ እያማሰልኩ በር ተንኳኳ። መኪናውን በመስኮት አይቼዋለሁ። ቁልፍ እንዳለውም አውቃለሁ። ግን፣ «ማነው?» አልኩ።

«ሮይስ ነኝ።»

ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው፣ ደጅ ቆሞ ስሙን ነገረኝ።

መሰላሉን ፈልጎ ነው። «ጋራዡ ክፍት ነው፣ ስትጨርስ ዝጋው» አልኩት። አመሰገነ። መሰላሉን መኪናው ላይ ሲያስር ሰማሁት፣ ከዚያ ሄደ። ተከትዬ በመስኮት አላየሁም።

ሾርባው ትንሽ ጨው በዝቶበታል። በላሁት።

ግሌንዳ ደውላ መጥቶ ነበር ወይ ስትለኝ፣ «አዎ፣ ቤቴ መጥቶ ነበር» አልኳት። ቤቴ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።