ያልተንተከተከው ቦሎቄ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ከምሳ በኋላ የክር ፋብሪካችን መፍተያ ማሽኖች አንድ በአንድ ቆሙ። መብራት የጠፋ መስሎኝ ነበር... ፈታዮቹ ሆዳቸውን ይዘው ወደ ግቢው ሲሮጡ አየሁ። ሁሉም ቀይ ቦሎቄ የበሉ ናቸው። እኔ የምግብ ባለሙያዋ ምሳቸው ውስጥ ያስገባሁትን ቦሎቄ።

ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ነበር። ካሮት ፍቄ ሎሚ ስጨምቅበት ፍንጭቷ ፈታይ በመስኮት ብቅ አለች። “ወይዘሪት ካሮት፣ ዛሬስ የጥንቸል ምግብ ነው የሰው?” ተሳሳቅን። አሁን ክሊኒክ ተኝታለች። ነፍሰ ጡር ናት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ሁሉም ተሽሏቸዋል። እሷም፣ ጽንሱም ደህና ናቸው። ተመስገን።

ሥራ አስኪያጁ “ትምህርትሽን በሠራተኛ ሆድ ሞከርሽው” አለኝ። እንዴት ተሠራ ብሎ አልጠየቀም። አጎቴ አጠገቡ ቆሟል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እሱ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። “ልጅ ናት ጌታዬ፣ ይለፏት” አለ።

ይለፏት? ምን አድርጌ?

ቦሎቄውን ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ጠዋት ውሃውን ደፍቼ፣ አጥቤ፣ በአዲስ ውሃ ጣድኩት። “ጋሼ፣ መጀመሪያ በኃይል ይንተክተክ። ቀይ ቦሎቄ ካልተንተከተከ መርዙ አይለቅም” አልኩት። “ሰማሁ ልጄ” አለ። ከዚያ ካሮቱን ጨርሼ ቆስጣና ፓፓያ ልገዛ ወጣሁ። እሳቱ ምን ሆነ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አጎቴን ጠየቅሁት። በሩን ዘጋ።

“እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ቢንተክተክ ይፈነዳል፣ ይላጣል፣ ገንፎ ይመስላል። ቀድሞ የሚበላው ዓይን ነው።”

ስለዚህ እስከ ምሳ በለዘበ እሳት አቆየው። ፍሬው ሙሉ ሆነ፤ አብረቀረቀ። ለመልኩ ሲል...

“ታዲያ ለምን አትናገርም?”

“እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት እሄዳለሁ? አንቺ ተምረሻል። ሌላ ሥራ አታጪም።”

ለእናቴ ነገርኳት። “ያስተማረሽ እሱ አይደል? ዝም ብትይ ምን ይጎድልብሻል?” “ስሜስ፣ እማዬ?” አልኳት። “ስም ይመለሳል፤ ወንድሜ ግን...” አልጨረሰችውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ሰኞ ምሳ ላይ ሠራተኛው ፊት ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ታዘዝኩ። እምቢ ካልኩ እባረራለሁ። ብጠይቅም ጥራጥሬው፣ አትክልቱ፣ ፍራፍሬው ሁሉ ይቀራል። ወደ ድሮው ነጭ ዳቦና ሻይ እንመለሳለን። ፈታዮቹ በዚያ ምሳ ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን ሲያዞራቸው፣ ማሽኑን ተደግፈው ሲቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 9

ቦሎቄ ዘፈዘፍኩ። እናቴ አየችኝ። ፊቷን አዙራ ወጣች።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

በማለዳ ወደ ፋብሪካው ወጥ ቤት ይዤው ገብቼ በአዲስ ውሃ ጣድኩት። እሳቱን ለቀቅሁበት። ተንተከተከ፤ ክዳኑ ተንቀጠቀጠ። ደህና አድርጎ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሼ እስኪለሰልስ ጠበቅሁት። በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርት አቁላላሁት፤ ከላይ ሎሚ። ግማሹ ፈነዳ። ይፈንዳ።

ምሳ ላይ ድስቱን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። መጀመሪያ እኔ ጎረስኩ። ማንኪያ የሚያነሳ ጠፋ።

“ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁ። አልጠይቅም። ቦሎቄው ጥፋት የለበትም፤ ያን ቀን ሳይንተክተክ ነው የቀረበላችሁ።”

“እሳቱን ማን ቀነሰው?” አለች ፍንጭቷ።

አጎቴን አየሁት። ጭልፋ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። “ንገራቸው ጋሼ።” መሬት መሬት ያያል። ጠበቅሁት... ትንሽ ጠበቅሁት።

“አጎቴ ነው” አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ወጣ። ፍንጭቷ ሳህኗን አንስታ መጣች። “በይ ጨምሪልኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው እንደሆነ መልክ አይመርጥም።” አንዷ ሳቀች። ከኋላዋ ሰልፍ ተሠራ።

ነገ ቢሮ እፈለጋለሁ። ምናልባት ያባርሩኝ ይሆናል። እናቴ በሯን ዘግታለች። ለእሷ አዝናለሁ፤ የተናገርኩትን ግን አልመልስም።

ከእንግዲህ የሌላ ሰው ጥፋት “ልጅ ናት” ተብሎ እኔ ላይ አይላከክም። በዘመድ ስም ክዳን አይደፋብኝም።