ወይዘሮ ሮማነወርቅ አክሊሉ፦ ሳትደብቁ አንብቡት ያሉት የሕይወት ታሪካቸው

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከልብስ ሰፊው ከአቶ አክሊሉ ቂርቆስና ከወይዘሮ ትርንጎ ወልዴ በመስከረም 1938 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው የማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ሆኑ። አቶ በሪሁንን አግብተው ሊናን ወለዱ። በሱዳን በኩል አሜሪካ የገቡት በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ተቀምጠው፣ በአቅራቢያዋ ባለችው በፕሊማውዝ በሚገኝ ፋብሪካ በማሸግ ሥራ ዐሥር ዓመት አገልግለዋል። ጽዳት ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር፤ እኛ የእኅታቸው ልጆች ቤታቸው ስንሄድ ጫማችንን ብቻ ሳይሆን ካልሲያችንንም ቀድመን እንፈትሽ ነበር።

በ1993 እ.ኤ.አ. ድንገት መጥቶ የሚሄድ ሕመም ጀመራቸው። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ ልባቸው ይደልቃል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይተዋቸዋል። ሐኪማቸው ከኩላሊት በላይ ባለችው ዕጢ ላይ አልፎ አልፎ የሚበቅል፣ ሆርሞን ያለ ልክ የሚረጭ እባጭ ጠረጠሩ። የሃያ አራት ሰዓት ሽንታቸውን በአንድ ጀሪካን አጠራቅመው፣ ፍሪጅ ውስጥ አኑረው እንዲያመጡም አዘዟቸው። ዕለቱ እሑድ ነበር። በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ወገናችን ያመጣውን ድስት ራሱ ፍሪጅ ከፍቶ እንደሚያስገባ ያውቃሉና፣ በሩ ሲንኳኳ ደንግጠው ጀሪካኑን ደፉት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ አጠራቅመው ሰጡ፤ ለማንም አልተናገሩም። ሽንቱ ጎደሎ ነበርና ውጤቱ ደህና ነዎት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጭንቀት ክኒን ሲውጡ ኖሩ።

በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሳሉ ወደቁ። ያን ጊዜ ያደረጉትን ለሊና እያለቀሱ ነገሯትና ምርመራው ተደገመ። ጠያቂዎች ድስት ይዘው ሲመጡ ወይዘሮ ሮማነወርቅ በራቸው ላይ ቆመው፣ «ፍሪጅ ውስጥ ያለው ለቴስት የማጠራቅመው ሽንቴ ነው። ምግቡን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፤ ፍሪጁን የነካ ግን ወዮለት!» አሏቸው። ያልሳቀ አልነበረም፤ እሳቸውም ሳቁ።

ውጤቱ ከልኩ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እባጩ በቀዶ ጥገና ቢወጣም ወደ ጉበታቸው ተሰራጭቶ ነበር። ቀደም ብሎ ቢገኝ ይድኑ እንደነበር ሐኪሞቹ በእርግጠኝነት አልነገሩንም፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም። ይህ ምርመራ የታዘዘለት ሰው መኖሩን ከሰሙ፣ ሮቢንስዴል ከተማም ይሁን ሌላ ቦታ፣ አውቶቡስ ይዘው ሄደው ያስረዱ ነበር።

ኅዳር 1999 እ.ኤ.አ. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ በሪሁን፣ ልጃቸው ሊናና እኛ የእኅታቸው ልጆች በሐዘን ቀርተናል።

ይህን ጽሑፍ ከማረፋቸው ሳምንት በፊት ጀምረን ስናነብላቸው፣ የጀሪካኑን ነገር አፍረን ዘለነው ነበር። አስቆሙን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እሱንም ጻፉት፤ ካህናቱ ባሉበት ይነበብ» አሉን። እነሆ አነበብን። እሳቸው ከሰው ያልደበቁትን ስሕተት እግዚአብሔር በምሕረቱ ይሸፍንላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።