ለስምንት ኮምፒውተር የታደለ ዝናብ

ቀጮዬ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

ፖስት ካርዷ ጠባብ ናት፣ ስለ መንገዱ ወሬ እንዳትጠብቅ። አሁን አክስታችን መሥሪያ ቤት ነኝ። ስምንት ኮምፒውተሮች ተጋግዘው የነገን ዝናብ ያሰላሉ። ጉዱ ግን ትንበያው የሚወጣው ከዘነበ በኋላ ነው! አለቃዋ «ዛሬም ከዘገየ ማሽኖቹን ለሌላ ክፍል እሰጣለሁ» ብሏታል።

ስክሪኑን ሳይ አንዱ ኮምፒውተር ያቃስታል፣ ሰባቱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ልክ እኛ ቤት እኔ ብቻዬን ዕቃ እንደማጥበው! ደሜ ፈላ።

«ማነው እንዲህ ያከፋፈለው?»

«ፕሮግራሙ የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። የየአካባቢውን አየር በቁጥር የያዘውን ሰንጠረዥ እኩል ስምንት ቦታ ይቆርሰዋል፤ ዝናቡ ግን አንድ ጥግ ላይ ነው፣ ሥራውም እዚያው» አለች አክስታችን።

«ታዲያ እንደ መጫወቻ ካርታ ቁጥሮቹን አንድ አንድ አድዪላቸዋ!»

ቋንቋው የራስን የአዳደል ደንብ መጻፍ ይፈቅዳል አሉ፤ ጻፈችው። ባሰበት! ለካ አንዱ ቁጥር የጎረቤቱን ወሬ ሳይሰማ አይሰላም። ጎረቤታሞቹን ቁጥሮች በየማሽኑ ስለበተንኳቸው፣ ማሽኖቹ ሥራ ትተው ሲጠራሩ ዋሉ።

«አንቺ ቁጡ፣ ሰፈር አፈረስሽ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ።

በሩን ደርግሜ ልወጣ ስል፣ አንተ ስታጭበረብር ካርታ ደርበህ ደርበህ የምታድለው ትዝ አለኝ። «ጎረቤታሞቹን ሳትለያዪ፣ በትንሽ በትንሹ ደርበሽ ለሁሉም በየተራ አድዪ!» አልኳት። ስምንቱም እኩል ማጓራት ጀመሩ፤ ትንበያው ከዝናቡ ቀደመ! አለቃዋም ማሽኖቹን ተወላት። ሌብነትህ ጠቀመን፣ አንተ ቀጣፊ።

እማማን ሳምልኝ። ነገ ልብስ እንዳታሰጣ፣ እናንተም ጋ ይዘንባል። ይቺ ካርድ ግን የምትደርሳችሁ ልብሱ ከራሰ በኋላ ነው።